ኮምፒውተሩን ስለ ንብ የጠየቅንበት ዓመት

አንድን ተማሪ ዝም ለማሰኘት ብላችሁ ሌላውን ዝም አሰኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። ሰባ ሰው በታጨቀበት፣ ቆርቆሮው ከላይ በሚግልበት ክፍል ውስጥ ከኋላ ለሚያወራው ልጅ «አንተ፣ ዝም በል!» እላለሁ። እሱ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወሬውን ይቀጥላል። ከፊት ረድፍ ግን ስንት ሳምንት ተለምና እጇን ማውጣት የጀመረች ልጅ የጀመረችውን መልስ ውጣ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ድምፅዋን አልሰማም።

ይህን የማነሳው አሶሳ ውስጥ ሳስተምር የነበረው ነገር ከዚህ ብዙም ስለማይርቅ ነው። በአጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ሕያው ሴል ውስጥ ጂን የሚባሉ ትእዛዞች አሉ። ትእዛዙ ወደ ሥራ የሚወርደው በግልባጭ ነው፤ ግልባጩን «መልእክት» እንበለው። መልእክቱ የሚጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው፦ አዴኒን፣ ሳይቶሲን፣ ጓኒን፣ ዩራሲል። በመልእክቱ ውስጥ ካሉ ሃያ አንድ ተከታታይ ፊደሎች ጋር ልክ የሚገጥም አጭር ቁራጭ ሠርታችሁ ወደ ሴሉ ብታስገቡ፣ ሴሉ ራሱ ያንን መልእክት ይቆርጠዋል። ጂኑ አልሞተም፤ የሚናገረው ግን አይሰማም። ጂንን ዝም ማሰኘት የሚባለው ይኸው ነው። ችግሩ እነዚያ ፊደሎች፣ ወይም በጣም የሚቀራረቧቸው፣ በሌላ መልእክት ውስጥም ሊኖሩ መቻላቸው ነው። ያኔ ያልታሰበው ጂንም አብሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ቁራጩ ከመሠራቱ በፊት የማይፈለግ ቦታ ላይ ይገጥም እንደሆነ በኮምፒውተር ይፈለጋል። የእኔ ኮርስ ይህን ፍለጋ ማስተማር ነበር።

ክልሉን ያኔም «አዲሱ ክልል» የሚሉት ብዙዎች ነበሩ። ኮሌጃችን ደግሞ ከክልሉም በላይ አዲስ ነበር። የግቢው ዛፎች ከጉልበት አይበልጡም። የኮምፒውተር ክፍል አለን፣ ኢንተርኔት ግን የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ትንሽ ይቀመጥና ይሄዳል። ስለዚህ የፍለጋውን ፕሮግራምና የጥቂት ፍጥረታትን የመልእክት ፋይሎች ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ይዤ መጥቼ በየኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩ። ሥርዓት እወዳለሁ። ለተማሪዎቼ አሥራ ሁለት ደረጃዎች ያሉት ሃንድአውት አዘጋጀሁ። ሰባተኛው ደረጃ በደማቅ ቀለም የተጻፈ ነበር፦ «ሴቲንጉን አትንኩ። እንዳለ ተዉት።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ ያገኙትን ቁጥር ሁሉ እየቀየሩ ማሽኖቹን አደነዘዙብኝ። መብራት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው የሚቆየው። አንዱ ፍለጋ አርባ ደቂቃ ከበላ ሌላው ተማሪ ሳይደርሰው መብራቱ ይሄዳል። ሴቲንጉ ካልተነካ ግን ፍለጋው በሴኮንዶች ያልቃል። ሴቲንጉን ባልነካንበት ጊዜ ሁሉም ነገር ፈጣንና ንጹሕ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ደከመኝ እንጂ ተሳካልኝ አልኩ።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ከአሶሳ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ከምትርቅ መንደር የመጣች የበርታ ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ጥያቄ ስትጠይቅ ግን ያልጠበቅሽውን ነው የምትጠይቅሽ። ቀደም ብላ በሕመም አንድ ዓመት አቋርጣ ነበር። በኮሌጁ ደንብ የቀራት ጊዜ ያ ሴሚስተር ብቻ ነው። ሰኔ ላይ በተመደበላት ቀን ጽሑፏን ቀርባ ካልተከላከለች ትሰናበታለች፤ ሌላ ዕድል የለም። ይህን እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

የመረጠችው ርእስ የማንጎ ተባይ ነው። በዚያ አካባቢ ማንጎ የሌለው ግቢ የለም። በነዚያ ዓመታት በቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነስ ነጭ ተባይ መጥቶ ዛፉን እያደረቀ ነበር። የተባዩን አንድ አስፈላጊ ጂን ዝም የሚያሰኝ ቁራጭ በወረቀት ላይ ለመንደፍ ፈለገች። ንድፍ ብቻ ነው። የሚረጭ ነገር የለንም፤ የሚሠራበት ላብራቶሪም የለንም።

ተባዩ የትኛው እንደሆነ ለማረጋገጥ የቅጠል ናሙና ልንሰበስብ ወደ ቤታቸው አብሬያት ሄድኩ። አባቷ ማንጎዎቹ መሃል ቆመው ጠበቁን። ቀፎዎቻቸው ማንጎዎቹ ላይ ተሰቅለዋል፤ በአካባቢው ሽመል የሚሉትን የቆላ ቀርከሃ ሰንጥቀው ራሳቸው የሠሯቸው ናቸው። ስለ ቁራጩ፣ ስለ መልእክቱ፣ ስለ ሃያ አንዱ ፊደል በደንብ አስረዳኋቸው። ቅጠል አንሥቼ መሬት ላይ ሳልኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ኡስታዛ» አሉኝ፣ ስጨርስ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። «ይሄ ነገር ንብ ይነካል?»

«እሱን ነው የምናጣራው» አልኩ። «ኮምፒውተር ይነግረናል።»

«ማንጎ አበባ ሲያወጣ ንብ እዚያ ነው። ቅጠሉ ላይ ያለ፣ አበባው ላይም አለ።»

«ትክክል ነው። ለዚያ ነው የንብን ፋይል የምናየው።»

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ። ከነገርሽኝ በኋላ ቅጠል ብቻ አይደለም፣ ዛፉንም ውሰጂ።»

ልጃቸው ሳቀች። በዲፌንሱ፣ ጽሑፏን በምትከላከልበት ቀን፣ መጥተው መልሱን በጆሯቸው እንደሚሰሙ ተስማሙ።

ፍለጋውን አካሄድን። አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች አንድ በአንድ ተከተለች። ከተባዩ መልእክት ውስጥ የመረጠችውን ሃያ አንድ ፊደል በንብ ፋይል ላይ አስፈለገች። ማያው ላይ ወጣ፦ ምንም አልተገኘም። በሰው ፋይል ላይ፣ ምንም አልተገኘም። በዶሮም፣ ምንም። ጽሑፏ ተጠረዘ። በገጽ አርባ ሦስት ላይ «የተመረጠው ቁራጭ ንብን አይነካም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፈረ። ዓረፍተ ነገሩን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ «ላይነካ ይችላል» ብላ የጻፈችውን «አይነካም» አደረግኩት። የተንሳፈፈ አነጋገር አልወድም።

የላብራቶሪ ቴክኒሺያናችን በደርግ ጊዜ ከወሎ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለደ ሰው ነው። ቁም ነገሩን በቀልድ ነው የሚናገረው። የተማሪዎቹን ውጤት በግድግዳ ላይ ስለጥፍ አየኝና፣

«ኧረ አንቺ፣ ይኼ ኮምፒውተር ‹የለም› ከማለት ሌላ ያውቃል?» አለኝ። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስመሰልሽው እኮ! ፋይሌን ስለው ‹የለም›፣ ደብዳቤዬን ስለው ‹የለም›።»

«ንድፋቸው ጥሩ ስለሆነ ነው» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። በደንብ ስለተማሩ።»

«እሺ፣ እሺ። የአስተማሪዋ ጉብዝና ነው በይኛ» ብሎ ሄደ።

ዲፌንሱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ተማሪዋ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። እኔ የሌሎች ተማሪዎችን ፈተና እያረምኩ ነበር፤ ስልሳኛው ወረቀት ላይ ደርሼ ዓይኔ ደክሟል።

«ቲቸር፣ ስህተት ሠራሁ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ለልምምድ እንደገና እየፈለግሁ ነበር። የንብን ፋይል መምረጥ ሲገባኝ የተባዩን ፋይል መረጥኩ።»

«ምንም አይደለም። መልሰሽ የንቡን ምረጪ።»

አልሄደችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች።

«ቲቸር፣ ‹ምንም አልተገኘም› አለ።»

«እና?»

«ቁራጩን እኮ ከዚያው ፋይል ነው የቆረጥኩት። ራሱን አላወቀም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ፊደል ሳትስት አትቀርም ብዬ ነው። አብረን ሄድን። ፋይሉን ከፍቼ በገዛ እጄ ሃያ አንድ ፊደል ቀዳሁ፣ ለጠፍኩ፣ ፈለግሁ። ምንም አልተገኘም። ሌላ ቦታ ቀዳሁ። ምንም አልተገኘም። ሦስተኛ። ምንም።

ከዚያ ያደረግሁት ከሦስት ዓመት በፊት ማድረግ የነበረብኝን ነው፤ የፕሮግራሙን መመሪያ አነበብኩ። ፕሮግራሙ ፍለጋውን ለማፍጠን ሲል እያንዳንዱን ፊደል አያይም። መጀመሪያ ያለ አንድም ስህተት በተከታታይ የሚገጥሙ ሃያ ስምንት ፊደሎችን ይፈልጋል። እነሱን ካገኘ ብቻ ቆም ብሎ ዙሪያቸውን ይመረምራል። ካላገኘ ያልፋል። ይህ ቁጥር ሴቲንጉ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ካልተነካ ሃያ ስምንት ነው። የእኛ ቁራጮች ደግሞ ሃያ አንድ ፊደል ናቸው። ሃያ አንድ ፊደል ውስጥ ሃያ ስምንት ፊደል ሊገጥም አይችልም። ዓሣው ከመረቡ ቀዳዳ ያነሰ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ሃንድአውቱን የተከተለ የትኛውም ተማሪ፣ በየትኛውም ፍጥረት ላይ፣ ሌላ መልስ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ተማሪዋ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። «ሰባተኛው ደረጃ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አዎ» አልኩ። «ሰባተኛው ደረጃ።»

በዚያው ከሰዓት ዝናብ መጣ። ነፋሱ ከዋናው መንገድ አጠገብ ያለውን የመብራት ምሰሶ ጣለው፤ ከተማው ግማሹ ጨለመ። የኮሌጁ ጄኔሬተር የሚያበራው የሬጅስትራሩን ቢሮ ብቻ ነው። ሴቲንጉን ቀይረን ልንፈልግ አልቻልንም።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ከወለጋ የመጣ፣ ጨዋና ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተጠረዙ ጽሑፎች እስከ አገጩ ተቆልለዋል። ነገሩን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና መነጽሩን አወለቀ።

«እስኪ ልጠይቅሽ፣ እህቴ። ይህን ነገር የሚረጭ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ነገ? ከነገ ወዲያ?»

«የለም። ወረቀት ብቻ ነው።»

«ልጅቷ ዘንድሮ ካልቀረበች?»

«ትሰናበታለች።»

«ታዲያ ልጅቷ ትቅረብ፣ ትመረቅ። አንቺ ሃንድአውትሽን ለሚመጣው ዓመት አስተካክዪ። ፈታኞቹም አይጠይቋትም፤ ማን ያውቀዋል?»

እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡ እንደ ወንበር ነበር። ቁጭ ልልበት ፈለግሁ። ደክሞኝ ነበር። ያላረምኳቸው ፈተናዎች ነበሩ፣ ያልቀመስኩት ምሳ ነበር፣ ስህተቱም የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም። ዝም ብትል አንድ ዲግሪ ትይዛለች። ወጥቼ ተማሪዋን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋትና ኃላፊው ያለውን ሳላሳምረውም ሳላከፋውም ነገርኳት።

«አባቴ ይመጣል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ገጽ አርባ ሦስትን እሱ ፊት ላንብብ?»

«ከቀየርሽው ደግሞ በስምንት ቀን ውስጥ፣ ያለ መብራት፣ አዲስ ውጤት ማምጣት አለብሽ» አልኳት። «ካላመጣሽ ባዶ እጅሽን ነው የምትቀርቢው። መጣል አለ።»

«ጣሉኝ ማለት ተባረርኩ ማለት ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ትንሽ አሰበችና፣ «ነገ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

በማግሥቱ ስትመጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ ነበር። ላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ፣ በቢላ የተላጉ፣ ክንድ የሚያህሉ የሽመል ስንጥሮች ናቸው። አባቷ ለቀፎ የሚሰነጥቁት ነው። ወረቀት በሰኔ እርጥበት ይጠቀለላል፤ ሽመል ግን ቀጥ ብሎ ይቆያል። በእያንዳንዱ ስንጥር ላይ እኩል እየለካች በማርከር ፊደሎቹን ጽፋለች፤ ለአዴኒን አ፣ ለሳይቶሲን ሳ፣ ለጓኒን ጓ፣ ለዩራሲል ዩ። በጽሑፏ አባሪ ውስጥ የተባዩም የንቡም የዚያ ጂን መልእክት ሙሉ በሙሉ ታትሞ ነበር። የንቡን መልእክት ከአባሪው ላይ በረጃጅሞቹ ስንጥሮች ገልብጣዋለች። ቁራጩ በአንድ አጭር ስንጥር ላይ ነው።

«እንዲህ» አለችኝ። አጭሩን ከረጅሙ ሥር አስጠግታ አንድ ፊደል ገፋች፣ ቆጠረች። አንድ ፊደል ገፋች፣ ቆጠረች። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ልዩነቱ እሷ ምንም አታልፍም።

ቴክኒሺያኑ ገብቶ አየን። «ምን፣ ላብራቶሪው ቀፎ መሥሪያ ሆነ?» አለ። ከዚያ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። «ስንቱን ልቁጠርላችሁ?»

ሦስታችን ሠራን። እሷ ትገፋለች፣ እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እመዘግባለሁ። አምስት፣ ሰባት፣ አራት፣ ስድስት። በዘፈቀደ ከተገናኙ ፊደሎች የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው፤ ከአራት አንዱ ይገጥማል። ጀርባዬ ይቃጠል ጀመር። በሁለተኛው ቀን፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ቴክኒሺያኑ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ። በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እኔም ቆጠርኩ። ከሃያ አንዱ አሥራ ዘጠኙ፣ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አሥራ ስድስቱ ሳይቋረጡ፣ አንድ ናቸው። ተማሪዋ የመረጠችው ክፍል ለነፍሳት ሁሉ በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ብዙም ያልተለወጠ ነው። ለተባዩ የሚያስፈልገው ለንቡም ያስፈልገዋል። ገጽ አርባ ሦስት የተሳሳተ ብቻ አልነበረም፤ የእውነቱ ተቃራኒ ነበር።

እሷ ስንጥሮቹን በሥርዓት ደረደረቻቸውና፣ «ሌላ ቁራጭ እንምረጥ» አለች።

እነዚያን ቀኖች የማስታውሰው እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት ነው። ክፍል አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እመዘግባለሁ። መልእክት ሁሉ ጫፉ ላይ ጅራት አለው፤ ፕሮቲን ለመሥራት የማይነበብ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ከፍጥረት ፍጥረት በጣም ይለያያል። ከጅራቱ አካባቢ ስድስት ቁራጮች መረጥን። በሽመሉ ላይ ስንገፋቸው ከንቡ ጋር ከአሥር በላይ የገጠመ አልነበረም። ተማሪዋ ፊቷ ትንሽ በራ። እኔ ግን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው፣ የዚያን ዕለት ግን ጠላሁት።

«ያየነው አንድ መልእክት ነው» አልኳት። «ንብ ከአሥር ሺህ በላይ አላት። ይህን ሁሉ በሽመል ልንገፋው አንችልም።»

«ኧረ አገሩ ላይ ያለው ሽመልም አይበቃን» አለ ቴክኒሺያኑ።

መብራት የመጣው ለዲፌንሱ ሁለት ቀን ሲቀር ነው። ክፍሌን ለባልደረባ ትቼ ሮጥኩ። ቁጥሩን ከሃያ ስምንት ወደ ሰባት ዝቅ አደረግነው። መጀመሪያ ቁራጮቹን በራሱ በተባዩ ፋይል ላይ ፈለግናቸው፤ ስድስቱንም አገኛቸው። ተማሪዋ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በንብ ፋይል ላይ ፈለግን። ማሽኑ አርባ ደቂቃ ያህል አሰበ። ውጤቱ ሲወጣ ገጹ አላልቅ አለ።

አሁን ደግሞ ያገኘው በዝቶብን ነበር። ይህን ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። አራት ፊደል ብቻ ባለበት ጽሑፍ ውስጥ፣ የትኛውም የሰባት ፊደል ቃል በአማካይ በየአሥራ ስድስት ሺህ ፊደሉ አንዴ በአጋጣሚ ይመጣል። የንብ መልእክቶች ደግሞ ሚሊዮኖች ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ በሰባት ፊደል የማይገጥም ቁራጭ በምድር ላይ የለም። በሰባት ፊደል የገጠመ ሁሉ ግን ጂኑን ዝም አያሰኝም፤ ጥቂቱ ያሰኛል፣ ብዙው አያሰኝም። የትኛው እንደሆነ ኮምፒውተሩ በግምት ያስቀድማል እንጂ አያውቅም። ሃያ ስምንት ላይ ሁሉም ነገር «የለም» ነበር፤ ሰባት ላይ ሁሉም ነገር «አለ» ሆነ። እውነቱ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ እዚያ ለመድረስ እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ያስፈልጋል። አነበብን። መብራቱ እስኪሄድ ከስድስቱ አንዱ ተለየ፦ ረጅሙ ተከታታይ ግጥሚያው አሥራ አንድ ፊደል ነው፣ እሱም በቁራጩ መጨረሻ ጫፍ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ግጥሚያ ያን ያህል አይጎዳም ይባላል።

የዲፌንሱ ቀን አባቷ ንጹሕ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሦስት ፈታኞች ነበሩ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መሃል ላይ። ተማሪዋ ገጽ አርባ ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ የተጻፈው ስህተት ነው» አለች። በእጅ የተጻፈ ወረቀት አወጣች።

አንደኛው ፈታኝ የተጠረዘውን አገላብጦ፣ «በተጠረዘ ጽሑፍ ላይ በእጅ የተጻፈ ውጤት? ይህ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?» አለ።

ተነሣሁ። ሃንድአውቴን ከፍ አድርጌ ሰባተኛውን ደረጃ አነበብኩላቸው። ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረው ተናገርኩ። ቀድሞ የተመረቁትም በዚያው እንደሠሩ ተናገርኩ። ኃላፊው ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። ስጨርስ ተቀመጥኩ።

ጥያቄ አለ ወይ ሲባል አባቷ ከኋላ እጃቸውን አወጡ። ኃላፊው ግራ ገባው፣ ግን ፈቀደላቸው።

«ንብ ይነካል?»

ልጃቸው መጀመሪያ በበርታ ቋንቋ መለሰችላቸው። ከዚያ ወደ ፈታኞቹ ዞራ በአማርኛ ደገመችው። «የመጀመሪያው ይነካል። ይሄኛው ሲፈለግ የሚያሰጋ ግጥሚያ አላገኘንም። አይነካም ማለት ግን አልችልም፤ ንቡ ላይ ሳይሞከር አላውቅም።»

አባትየው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው እያዩ፣ «አምስት ዓመት ተምሮ፣ አላውቅም!» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉና፣ «ወላሂ፣ ጥሩ ነው። እስክታውቁ ድረስ በእኔ ማንጎ ላይ የለም» አሉ።

ፈታኞቹ ወደ ውጭ አስወጡን። ግድግዳው ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን፤ እሷ መሬት መሬቱን፣ እኔ በሩን እያየሁ። ሲጠሩን ውጤቱ ሲ ነበር፤ ጽሑፉ በአሥር ቀን ውስጥ ታርሞ እንዲመለስ። ከዚያ በታች ማለፊያ የለም። ኤ ልትይዝ የምትችል ልጅ ነበረች፤ ያን ኤ የበላው የእኔ ሰባተኛ ደረጃ ነው። እሷ ግን ወረቀቱን አንብባ፣ «አለፍኩ?» አለችኝ፣ እኔ ካልነገርኳት እንደማይጸና ሁሉ። «አለፍሽ» አልኳት።

ክረምቱን የቀድሞ ተማሪዎቼን ስደውል አሳለፍኩ። የአብዛኞቹ ስልክ አይሠራም። ድባጤ የሚያስተምረው «ቲቸር፣ ጽሑፌ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም» አለኝ። ሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው ሳቀች፤ «እኔ አሁን የክትባት ካርድ ነው የምሞላ፤ ጂን የት ያውቀኛል?» አንዱ ብቻ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ታዲያ የኔ ቁራጭ ሰውን ይነካ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደማላውቅ፣ ጽሑፉን ከላከልኝ እንደምፈልግለት ነገርኩት። ላከልኝ። ፈለግሁለት። እንዲህ እያልኩ አንድ በአንድ፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ያገኘኋቸውን ጽሑፎች እንደገና ፈለግሁ። ካለቁ በኋላ ደስታ ይሰማኛል ብዬ ነበር። የተሰማኝ እንቅልፍ ነው።

አዲሱ ሃንድአውት አሥራ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው፦ «ቁራጭህን ከቆረጥክበት ፋይል ውስጥ ፈልገው። ካልተገኘ፣ አቁም።»

እናንተም አንድ ነገር እንድትሞክሩ እለምናችኋለሁ፤ ጂን አያስፈልገውም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስልካችሁን ክፈቱ። ከዓመት በፊት የተላከላችሁን፣ እዚያ ውስጥ እንዳለ በእርግጠኝነት የምታውቁትን አንድ መልእክት አስቡ። ከመሃሉ አንድ ቃል ወስዳችሁ የስልካችሁን ፍለጋ ጠይቁት። ቃሉን በመጀመሪያ ሙሉውን ጻፉት፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ቀጥሎ አንድ ፊደል አሳስታችሁ። የትኛው ላይ «የለም» እንደሚላችሁ በወረቀት መዝግቡ። እስቲ ዛሬውኑ ሞክሩት።